የገደሉ ቁጥር

መብራት ከሄደ ሰዓት አልፎታል፤ ጠባሴን ውርጭ ይዟታል፤
ያቤጽ ከአባቱ ጋራዥ ጓሮ አንዲት ሻማ ተክሏል፤
አራት ሆነን በአንድ ባና፣ ጉልበት ለጉልበት ገጥመን፣
ሃያ ገጽ ያለው ጠጠር ከወዴት ይገዛል ብለን፣
የእናቴን የዕቁብ ጣሳ ለሌሊቱ ተበድረን፣
ከአንድ እስከ ሃያ ጽፈን ብጣሽ ወረቀት ጠቀለልን።
ዕጣውን የሚያወጣ ተጫዋቹ፤
ስንት እንደሚበቃው ግን
ቀድሜ የምናገር እኔ ነኝ።

ቀላል ይመስላል። አይደለም።
ገደል ሠርቼ፣ ጉም አልብሼ፣ ጅብ አስጩኼ ከጨረስኩ በኋላ
አንድ ቁጥር ይቀረኛል፣ እንቅልፌን የሚበላ።

«ልወርድ ነው» አለ ወንድይፍራው፣ «ከጣርማ በር፣ በዚህ ጉም፤
ገመዴን ትናንት ሸጬዋለሁ፤ ጫማ የሚባልም የለኝም።»
ስንት ልበለው?
ትንሽ ካልኩ ገደሉ ይሞታል፣
ብዙ ካልኩ ልጁ።
ገደል ሲሞት ለቅሶ የለም፤
ጨዋታው ግን ይቀዘቅዛል፣ እንደያዝነው ሻይ።

«ዐሥራ ሰባት» አልኩ።
ያቤጽ ሳቀ፦ «አባቴ በዚያ መንገድ አይሱዙ ሲነዳ አርጅቷል፤
ዓይኑን ጨፍኖ ይወርደዋል፤ ለእሱ አምስትም በዝቷል።»
«ገደሉ አንድ ነው፤
ሁለት የሆነው ወራጁ ነው»
አልኩና ደነገጥኩ፤ ከየት እንዳመጣሁት እንጃ።
ሦስት ቀነስኩለት፤ ለአንኮበር ልጅ ገደል ደጃፉ ነው እንጂ።

እጁን ወደ ጣሳው ሲሰድ፣ እስካሁን ዝም ያለች
ማንያህልሻል ነጠቀችው፦
«እኔ መንዝ ደርሻለሁ፤ መሽቷል፤ በር አንኳኳለሁ» አለች።
«ዐሥራ ሁለት» አልኩ ሳላስብ።
ቀና ብላ አየችኝ፦
«ለመሸበት እንግዳ፣ መንዝ ላይ፣ በር መክፈት ዕጣ ይወጣበታል?
በሩስ ይከፈታል። ውሃ ይሞቃል፣ እግሬም ይታጠባል።
ቁጥርህን ለኋላው አቆየው።
መርዶ ይዤ ነው የመጣሁ፤
ልጁ የሞተው እግሬን የሚያጥበው ሰውዬ ነው።
መርዶ ደግሞ ሌሊት አይነገርም፤
እስኪነጋ፣ እራቱን እየበላሁ፣
ፊቴን መያዝ አለብኝ።»

ሻማው ተንጠባጠበ።
ከመንገዱ ማዶ ውሻ ጮኸ፣ ተወ።
ቁልፍ ለመስበር ዐሥር፣ ዘበኛ ለማታለል ዐሥራ ሦስት፤
ከደብተሬ ጀርባ ሠንጠረዥ አለኝ፣ በስክሪብቶ የተሰመረ፤
ብፈልግ ብፈልግ
ፊት የሚል ቃል የለበትም።

ሳልናገር እጇን ሰደደች። ብጣሿን ፈታች።
ሰባት።
ሦስቱም እኔን አዩኝ።
«ስድስት ነበር ያሰብኩት» አልኩ።

ዋሽቻለሁ። ሃያ ነበር።
ዳኛ ያደላል ሲባል እሰማ ነበር፤
እንዲህ ቀስ ብሎ እንደሆነ ግን አላውቅም ነበር።
እሷ ሳታውቅብኝ አልቀረችም፤
ሰባትን መልሳ አልጠቀለለችም፣ ባናው ሥር ሸሸገቻት፤
የእናቴ ጣሳ ውስጥ ዐሥራ ዘጠኝ ቀረ።

ወንድይፍራው ጉሮሮውን ጠረገ፦
«እኔስ?
እዚያው ገደሉ ላይ ነኝ እኮ።»