ሦስት ፊደል የቀራት መንደር

ከሚዛኑ በላይ፣ በሚስማር ተመትታ፣
አርባ ዓመት የኖረች፣ እዚሁ ሂርማታ፣
ያቺ ፖስታ ካርድ
ስሟን እርጥበት በልቶት፣ ሦስት ፊደል ቀርቷታል፤
ከፈረንሳይ ዳርቻ መምጣቷን ግን፣ ማኅተም ይመሰክርላታል።
አርባ ቤት ተጠጋግቶ፣ አንድ ደወል፤ ከዚያ ውሃ።
ከውሃውም ወዲያ፣ ውሃ።

አባቴ አባ ፊጣ፣ ቡና ሲመዝን የኖረው፣
ባሕር የሚባል አላየም፤ የሚያውቀው ቦዬን ነው፣
ጉማሬ የሚያዛጋበት፣ ደንገል የከበበው።
"ለመሆኑ ስንት ቦዬ ይወጣዋል?" አለ ሰውየውን፣
ከመልኮ የሚመጣውን፣ የቡናን በሽታ የሚያጠናውን።
ፈረንሳዩም ሳቀና፣
"ይሄ ለሚዛን አይመችም፤ በቀን ሁለቴ ይጎድላል።"
"ታዲያ" አለ አባቴ፣ ፊቱን ኮስተር አድርጎ፣ "ጉድለቱን ማን ይከፍላል?"

ሐሙስ ሐሙስ፣ ገበያው ጋብ ሲል፣ ጆንያ ላይ ተቀምጦ
ሰውየው ያወራ ነበር፣ አማርኛው እየተሰባበረ፦
"ባያቴ ቅድመ አያት ዘመን፣ አሸዋ በነፋስ መጣ፤
ቤተ ክርስቲያኑን ዋጠው፣ ጉልላቱ ብቻ ወጣ።
ዓሣ አጥማጆች መረባቸውን፣ ጉልላቱ ላይ አሰጡ፤
ኋላ ደወሉን ቆፍረው፣ አብረውት ኮረብታ ወጡ፤
ሁሉም በሩን በጀርባው አዝሎ። ጣራ ይሠራል፣ በር ግን ውድ ነው።
ከዚያ ጦርነት፤ ደግሞ ሌላ።
ዛሬ ቤቱ አርባ ነው፤ ድንጋዩ ላይ ያለው ስም ስልሳ አንድ ነው።"

ሰውየው አገሩ ገባ። በዓመቱ ደብዳቤ ላከ፦
"እናቴ ከወደቡ ባዶ ጆንያ አገኘች፣ ጎኑ ላይ ጅማ የሚል፤
አሸዋ ሞልታ በሯ ላይ አቆመችው። ማዕበል በመጣ ቁጥር
'ጅማ ይዞልናል' ትላለች፣ አልጋዋ ላይ ሆና ለእግዜር።"
አባቴ አስነብቦ ሰማ። ሁለቴ። ሦስተኛ አስደገመ።
"ያን ጆንያ እኮ የመዘንኩት እኔ ነኝ" አለ፤ ቀና ብሎም ቆመ።

በዚያው ክረምት አዌቱ፣ ዳሩን ጥሶ መጣ፤
ደረጃውን አንድ፣ ሁለት እያለ፣ ወደ መጋዘኑ ወጣ።
አፈር በጆንያ ሞልተን፣ በሩ ላይ ስንደረድር፣
አባቴ ከሰል አንሥቶ፣ ካርዷን አያትና በፋኖስ ብርሃን ሥር፣
ላቲን የማይለይ ሰው፣ ቁርኣን እንጂ ሌላ ያልቀራ፣
ከፊት ባለው ጆንያ ላይ፣ ሦስቱን ፊደል ሠራ፤
ቀስ እያለ፣ ከላይ ወደ ታች፣
እንደ መሰላል።

ውሃው እስከ ሁለተኛው ፊደል ደረሰ።
ከዚያ ወዲያ አላውቅም፤ ልጅ ነበርኩ፣ እንቅልፍ ወሰደኝ።