የኪራይ አፍ

ሐሙስ ማታ ነበር፤ ሮተርዳም ያካፋል፤
ከቤተ መጻሕፍቱ ምድር ቤት ወንበር ይሰለፋል።
ስድሳ ተዘርግቶ የመጣው ሠላሳ፣
ገሚሱ ለዕውቀት፣ ገሚሱ ዝናቡን በነፃ ሊረሳ።

የኔ ቦታ ጠርዝ ነው፤ ከሁለቱ መሐል፤
አንድ ብርጭቆ ውኃ፣ አንድ ማይክ ይበቃል።
አፌን ለሁለት ሰዓት አከራይቻለሁ፤
እሳቸው «እኔ» ሲሉ እኔም «እኔ» እላለሁ።
የሙያችን ሕግ ነው፤ «አሉ» ማለት ነውር፤
የሚገባ ይግባ፣ የሚወጣ ይውጣ፣ እኔ ነኝ በር።

ዶክተር ኦስተርቫል መነጽሯን ገፍታ፣ ምስሉን እያበራች፣
የጥላ ትርዒቱን ታሪክ ዘረዘረች፤
የበሬ ቆዳ ነው፤ ተፍቆ ተፍቆ፣
እንደ ብራና ሳስቶ፣ ብርሃን እስኪያሳልፍ ደርቆ፤
ሦስት ሺህ ጊዜ ይወጋል በቢላዋ ጫፍ፣
የንግሥቲቱ ቅንድብ፣ የቀሚሷ ዘርፍ።

ጥሩ ተናጋሪ ናት። ሁለቴ አሳቀች።

መምህር ጓን ቲየንሉ፣ ከዌይናን የመጡ፣
(እናቴም ከዚያው ናት) ጥግ ይዘው ተቀመጡ፤
ከጉልበታቸው ላይ ያረጀ የእንጨት ሣጥን፣
እንደታመመ ልጅ እያሻሹ ጎኑን።

«ይህ ዳኛ» አለች ዶክተሯ፣ ምስሉን አጉልታ፣
«አንድ ሙሉ ሥራ ነው፤ የአንድ እጅ ስጦታ፤
ዕድሜው መቶ አርባ ዓመት፤ ምንም ያልጎደለው።»
በጆሯቸው ሹክ አልኩ። እጃቸውን አነሡ፣ እንደ ተማሪ፣ ቀስ ብለው።

«ጭንቅላቱ የአባቴ ነው፤ ከአንገት በታች የኔ፤
በሰማንያ አንድ ነው፣ የሠራሁት እኔ።»
«የቀድሞውስ ገላ?» ብላ ጠየቀች።

ዝም።
የማሞቂያው ቧንቧ ብቻ ቋ፣ ቋ ይላል።

«ሲያድሩ ይለያያሉ፣ ጭንቅላትና ገላ፣
አለዚያ ተነሥተው ይራመዳሉ ሰው ከተኛ በኋላ፤
የአያቶቻችን ወግ ነው።» ሰው ሳቀ። እኔም ሳቅኩ።
እሳቸው ጣታቸውን ያያሉ።

«አሥራ አራት ዓመቴ ነበር። ክንዴ ላይ ቀይ ጨርቅ።
‹አሮጌው ይቃጠል› ተባለ፤ እኛ ቤት ግን የመጣ የለም፣
ማንም አላዘዘኝም።
የአባቴን ሣጥን ከግቢው መሐል አወጣሁ፤
ገላዎቹን ቆለልኩ፤ ክብሪቱን እኔ ጫርኩ።»

ምላሴ ተያዘ። ሕጉን አፈረስኩት፤
«ክብሪቱን... እሳቸው...» ብዬ ጀመርኩት።
ሠላሳ ሰው አየኝ። አዛውንቱም ዞሩ፤
ደችኛ አያውቁም፣ ግን ከፊቴ ነገሩ
ተነበበ መሰል። በእናቴ ዘዬ፣ «እንዳልኩት በይው ልጄ» አሉ።

«ክብሪቱን የጫርኩት እኔ ነኝ» አልኩ።
የሃያ ስድስት ዓመት ድምፅ፣ እዚሁ ወደብ ያደገ።
አንዲት ሴትዮ ከፊት ወንበር ቦርሳዋን ወደ ደረቷ ሳበች፤
ከኔ ነው የሸሸችው።

«ቆዳ ሲቃጠል የጥብስ ሽታ አለው፤
ርቦኝ ነበርና ምራቄን ዋጥኩ። የማልረሳው ይህን ነው።
ጭንቅላቶቹ ግን ለብቻ ያድሩ ነበርና፣
አባቴ ከአሳማው ጋጥ ሥር ቀበራቸው፣ በጨርቅ ጠቀለለና።
ለዓመታት ዝም አለኝ። ሊሞት ሲል ‹ቆፍር› አለ፤ ሌላ አልጨመረም።
ቆፈርኩ። አርባ ሁለት ፊት። አንዱም አልተቆጣኝም።»

ዶክተሯ ወረቀቷን አገላበጠች፤ ለዚህ የሚሆን ገጽ የላትም።
ሸራው ላይ «ማጠቃለያ» የሚል ጽሑፍ ቀርቷል፣ ማንም አላጠፋውም።
መምህር ጓን ተነሡ። ከጨርቁ ዳኛውን አወጡ፣
ራሱን ከአንገቱ ሰክተው በብርሃኑ ፊት መጡ።
የዳኛው ጥላ ከ«ማጠቃለያ» ላይ ወደቀ፤
ዘወር አለ፣ አየን፣ ፂሙን ዳበሰ።
ከዚያ እሳቸው አዜሙ፣ በሻከረ ጉሮሮ፤
ልተርጉም ስል እጃቸው ከለከለኝ። ውኃዬን ጠጣሁ።

አንዱ ጠየቀ በመጨረሻ፤ «አንዱን ለመሥራት ስንት ቀን ይወስዳል?»
«አርባ» አሉ። «አርባ» አልኩ። ጭብጨባ።

ወንበር ሲታጠፍ የክፍያ ፎርም ሰጡኝ።
ስም፦ ሹዩን። ሰዓት፦ ሁለት። እጄ ቸኮለ፤
«ተናጋሪ» ከሚለው መስመር ላይ
ልፈርም ትንሽ ቀረኝ።