የእጅ ልክ

ሄክስ ወንዝ ሸለቆ፣ በሰው እርሻ ላይ፣
አባቴ ሠላሳ አንድ ክረምት ወይን ገረዘ፤
ከዚያ ሁሉ ወይን ለቤቱ፣ ጉቶ ጉቶውን ብቻ ያዘ።
አርጅቶ የተነቀለ፣ እንደ አዛውንት ጣት የተቆላመመ፣
ከመጋዘኑ ጀርባ ዓመት ሙሉ ደርቆ የከረመ።
“የወይን ጉቶ” ይል ነበር፣ “ሲነድ ጉራው አይጣል ነው፤
ይጨርስ! ዓሣ የሚያበስል፣ አውርቶ አውርቶ ዝም ያለው።”

ቅዳሜ፣ ከባሕሩ በኩል ፒክአፕ መጥቶ ጥሩምባ ሲነፋ፣
አባቴ ጫማውን ሳያስር፣ ለስኑክ ዓሣ ሲጋፋ፣
ጉንጩን ገልጦ ያሸታል፣ ዓይኑን ያያል፣ ይከራከራል፣
“ይሄ ትናንት ነው የሞተው” ብሎ ሻጩን ያሳፍራል፤
በግማሽ ዋጋ ገዝቶ፣ እኛን ሲያይ ጠቀስ ያደርጋል።

ጨው፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ቅቤ፣ ሎሚ፣ በላዩ የአፕሪኮት ማርማላታ
(እናቴ ለእንግዳ ያስቀመጠችው፤ ትቆጣለች ወደ ማታ)።
በቀለም ብሩሽ ይቀባዋል። “ከየት አመጣኸው?” ትለዋለች።
“አዲስ ነው” ብሎ ይምላል። ታምነዋለች።

ከዚያ እጁ። መዳፉን ከፍርግርጉ በላይ ዘርግቶ፣
ይቆጥራል፣ ከንፈሩ ብቻ እየተላወሰ፣ ሌላውን ሁሉ ትቶ።
አራት ላይ ከሸሸ፣ ገና ነው፤ ዐሥር ላይ ከሸሸ፣ አልፎበታል፤
ሰባት ላይ ሲሰበስበው ግን፣ “በሉ” ይላል፤ ዓሣው በቆዳው ይተኛል።
ይህን ሁሉ የነገረው፣ ለኤልሮይና ለዴንቨር ነው፤
እኔ ሳህን ይዤ በሩ ላይ፣ ከውሻው ጋር ነበር ቦታዬ፤
የሰማሁት ተርፎኝ ነው።

ሚያዝያ ላይ፣ የወይኑ ለቀማ ባለቀ በሳምንቱ፣
ስትሮክ መታው፤ ቀኝ ጎኑ ከዳው፣ ከእግሩ እስከ አናቱ።
ምላሱ ተመለሰለት፣ ቀስ እያለ፣ እየቆየ፣
እያንዳንዱን ቃል እንደ ዓሣ አጥንት፣ ከአፉ እየለየ።
ዴንቨር የጋዝ መጥበሻ ገዛ፣ ሙቀቱን በቁጥር የሚናገር፤
አባቴ አንዴ አየውና፣ ፊቱን መለሰ ወደ አጥር።

በመስከረም አንድ ቅዳሜ፣ ጥሩምባው ሲነፋ እኔ ወጣሁ፤
“ይሄ ትናንት ነው የሞተው” አልኩ፤ በአባቴ ድምፅ ተቆጣሁ።
ሻጩ ሳቀ። “የጋዊ ልጅ!” አለና ዋጋውን ቀነሰው።
ጉቶውን ደርድሬ ለኮስኩት፤ ጉራውን ነዛ፤ ተውኩት፤
ዝም አለ፣ የኋላ ኋላ ሲደክመው።

አባቴ ከወንበሩ፣ በግራው ቀኙን አንሥቶ፣
እንደ ለመደው ከፍሙ ላይ፣ መዳፉን ዘርግቶ፣
መቁጠር ጀመረ። ሰባት አለ። ዐሥር አለ። ዐሥራ አራት።
የተቃጠለ ፀጉር ሸተተኝ። ስቤ አወጣሁለት።
እጁን አየው፣ አገላብጦ፣ እንደ ተዋሰው የጎረቤት ዕቃ፤
ኤልሮይ ወደ ጋዙ ሲሄድ ሰማሁ፣ ክዳኑ ሲንቋቋ።

“ያን...ቺን” አለኝ። “እጅ... አውሺኝ።”

ዘረጋሁለት። እሱ ይቆጥራል፣ እኔ እቃጠላለሁ፤
አንድ ብሎ ሁለትን ሲፈልግ፣ እጠብቃለሁ።
ሦስት ላይ ሸሸሁ። “ገና ነው?” አልኩት በሐፍረት።
ራሱን ነቀነቀ። “ያንቺ እጅ... ስስ። ያንቺ... ሦስት።”

ለካ ሰባት፣ የእሱ መዳፍ ሰባት ነበር፤
የመቀሱ፣ የሠላሳ አንድ ክረምት፣ የደደረ ቆዳው ቁጥር።
ዴንቨር ይህን ስላልሰማ፣ ሰባት እየጠበቀ ኖረ፤
ለዚያ ነው ዓሣው ሁልጊዜ፣ ከአጥንቱ ጋር ጥሬ የቀረ።

ዓሣው በቆዳው ተኛ። ማርማላታው ከጠርዙ መጥቆር ጀመረ።
“ሌላስ ያልነገርከን አለ?” አልኩት። በግማሽ ፊቱ ሳቅ ዞረ።
ቃሉን ፈለገ፤ ጠበቅነው፤ ፍሙ አመድ ለበሰ።
“ብሩ...ሹ” አለ። “የአጥር... ነው።”
ኩሽና ሲከትፍ የነበረው የእናቴ ቢላ፣
ድምፁ ተበጠሰ።