ሠላሳ ስድስት ጥርስ

ሐምሌ እኩሌታ ላይ፣ ሐይቁ ሲቆጣ አድሮ፣
የወራሚት ዋንዛ በጎኑ ተዘርሮ፣
አንጓች መጣች ማልዳ እሽምብጥ ድረስ፣
ጃንጥላዋ ተገልብጦ፣ ቀሚሷ እስኪርስ።

«ግንዱን ሰንጥቁልኝ፤ ለልጄ ቤት በር፣
ለአልጋ፣ ለመደርደሪያ፣ የተረፈው ለአጥር።
ብረት የለበትም፤ እኔው አውቀዋለሁ፣
ከተዳርኩ ጀምሮ ጥላው ሥር ኖሬያለሁ።»

«ብረት የለም» ሲባል ምንይችል ይስቃል፤
«ጋሼ፣ ሞረድ ልግዛ?» ቀስ ብሎ ይለኛል።

መጋዜ አሮጌ ነው። ካንዴላው ሲርሰው
አምስቴ ያስለዋል ገመዱን ስስበው፤
በስድስተኛው ላይ ጉሮሮው ይከፈታል፣
ደንገል ውስጥ ያደረ ወፍ ሁሉ ይነሣል።
ቤንዚኑን ከዘይት በልኩ አዋህጄ፣
ለምላሱ ደግሞ ጋራዥ ለጋራዥ ሄጄ
የተቃጠለ ዘይት በላስቲክ ለምኜ —
ይጠጣል፣ አያማም፤ ድሃ ነው እንደኔ።

ጀመርን።
እርጥብ ዋንዛ ለስለት እንደ ቅቤ ይገራል፣
ልቡ ሲገለጥማ የሻይ መልክ ያበራል፤
ውሃው በጣቶቼ መሃል እየወረደ፣
የከረመ ዝናብ ገና ያን ቀን ሄደ።
ሰጋቱራው ወፍራም፣ እፍኝ እፍኝ ሲወድቅ
ስለት አለ ማለት ነው፤ አያሻም መጨነቅ።
ዱቄት ሲሆን ብቻ፣ ሲበንን፣ ሲያስነጥስ፣
ያኔ ነው ቁጭ ብሎ መሞረድ ጥርስ በጥርስ።

ሦስተኛው ጣውላ ላይ —
ቃጭ!
ብልጭታ። የብረት ጩኸት። ሞተሩን አጠፋሁ።
ምንይችል አልሳቀም። እኔም አልተናገርሁ።
ሠላሳ ስድስት ጥርስ። ስቆጥር አሥራ አንዱ
ጫፋቸው ተበልቷል፤ ሁለቱ ጨርሶ ሄዱ።

በመሮ ፈለፈልን። ከቅርፊቱ ዘልቆ፣
ከአንድ ስንዝር በላይ እንጨት ውስጥ ተደብቆ፣
ሚስማር። ቀጥቃጭ የሠራው፣ ራሱ የተጨፈለቀ፣
ዙሪያው ያለው እንጨት ቀለም ውስጥ እንደ ጠለቀ
ጠቁሯል፣ ወደ ሰማያዊ ይሄዳል ሲያዩት፣
እንደ ሰነበተ የዱላ ምልክት።

አንጓችን አስጠራሁ፤ ልቆጣ ነው ሐሳቤ፣
የሰንሰለት ዋጋ ቆጥሬ፣ ደርቤ።
መዳፏ ላይ ጣልኩት።
አገላበጠችው።
«ውበቴ!» ብላ ጮኸች፣ ጓሮ እንዳለ ሁሉ፤
(ውበቴ ከሞተ ሦስት ዓመት ነው ሙሉ።)
«ለመረብ መስቀያ መትቶት ተጣልተናል፤
‹ዛፉን አታቁስለው፣ ንቀል!› ተባብለናል።
‹ነቀልኩት› አለኛ! ማውጣት ቢያቅተው
እስኪጠፋ ድረስ በመዶሻ መታው!
ሃያ ስምንት ዓመት…»
ሳቋ መጣ፣ አይቆም፤
ምንይችልም ሳቀ፣ እኔም ሳልፈልግ፣ ያም
ግንዱን ጭኖ የመጣ የጋሪው ባለቤት —
ከዚያ እሷ ዝም አለች። ዝም አልን በድንገት።

«የጠቆረው ጣውላ በሩ ላይ አይዋል፤
ለእኔ አግዳሚ ይሁነኝ፣ መቀመጫ ይሆናል።»
ሚስማሩን ቋጠረች በነጠላዋ ጫፍ፣
የሰንሰለቱንም ቆጠረች፣ ሳታዛንፍ።
አልቀበልም አልኩ ብል ምንኛ ባማረብኝ፤
ተቀበልኩ። ሰንሰለት ማን በነፃ ይሰጠኝ?

ማታ ሞርሳ ላይ ምላሱን ጠፍሬ፣
ክቡን ሞረድ ይዤ ከአንደኛው ጀምሬ፣
ከውስጥ ወደ ውጭ ሦስት ሦስቴ ገፍቼ፣
አንዱን እየዘለልኩ፣ መብራት አስጠግቼ፤
ሁለቱ የሌሉበት ባዶው ላይ ስደርስ
እጄ አየር ሞረደ፣ ለሌለው ጥርስ።

ጣውላው ተደርድሯል፣ በመሃሉ ክፋይ፣
ጫፉ ቀለም ጠጥቶ፣ ፀሐይ እንዳያይ።
እስከ ጥር ይደርቃል። እርጥብ እንጨት አይታመንም፤
ዛሬ ቀጥ ቢል እንኳ ነገ ቀጥ ብሎ አይገኝም።
ያ የጠቆረው ጣውላ ከሁሉም ቀደመ፤
በሳምንቱ አየሁት፣ ወገቡ ተጣመመ።

ከሐይቁ ዳር ያመጣሁትን ድንጋይ ጫንኩበት።
ትንሽ ቆይቼ
ሌላም ጨመርኩበት።