ቁርጥራጭ

የምሽቱ ዜና ሊጀመር አርባ ደቂቃ ቀርቶታል፤
ፕሬሾቭ ላይ በረዶ ይጥላል።
ሦስተኛ ፎቅ፣ መስኮት የሌለው ጠባብ ክፍል፤
እኔ፣ ሁለት ስክሪን፣ የቀዘቀዘ ሻይ፣ አንድ ፋይል።
ስም ያወጣለት ራዶቫን ነው፦
«ሰፈሩ፣ ቆሻሻ፣ ሕጻናት፣ ጭቃ።»
ገና ሳልከፍተው ታሪኩ አለቀ፣ በቃ።

ሥራዬ መቁረጥ ነው። ዘጠኝ ዓመት ቆረጥኩ፤
ሚኒስትር ሲያስነጥስ፣ ከንቲባ ሲሳሳት፣ እኔ አሳመርኩ።
የሰው ሳል፣ የሰው ዝምታ፣ የሰው «እ...»፣ የሰው «ማለቴ»፣
ለዓይን ባይታይም ተከምሯል እስከ ጉልበቴ።

ካሜራው ከመኪና ወርዶ ይንደረደራል፦
መጋረጃ የሰቀለውን ቤት አለፈው፣
ብስክሌት የሚጠግነውን ጎረምሳ አለፈው፣
ደብተር ታቅፋ የቆመችውን ልጅ አለፋት፤
አለፈ፣ አለፈ፣ አስቀድሞ የሚያውቀውን እስኪያገኝ፦
ወንዙ ዳር የተቆለለውን፣ ውሻ የሚጭረውን።
ከዚያ የራዶቫን ድምፅ፣ ከስክሪኑ ውጭ፣ በሹክሹክታ፦
«ጫማህን አውልቅና እዚህ ጋ ቁም፣ ላንድ አፍታ።»
ልጁ አወለቀ። አዲስ ነበር ጫማው፣
ማሰሪያው ቀይ። ከካሜራው ጀርባ፣ እንዳይቆሽሽ፣ አስቀመጠው።

ኮሎማን መጣ። ተላጭቶ፣ ኮት ለብሶ፣
ከባልዲው የቀረችውን ውሃ ጸጉሩ ላይ ጨርሶ።
ሠላሳ አንድ ዓመት የባቡር ሐዲድ ቀያሪ፤
በእጁ ስንቱ በሰላም ገብቷል፣ ማን ቆጣሪ?
ሃያ ስምንት ደቂቃ ተናገረ፣ ሳይቆጣ፣
ቧንቧው ከከተማው ተነሥቶ እንዴት እንደመጣ፣
የመጨረሻው ነጭ አጥር ጋ ሲደርስ እንዴት ቀጥ እንዳለ፣
መቶ ሰባ ሜትር ሲቀረው። «ለክቼዋለሁ» አለ፣
«በሐዲድ ሰው እርምጃ።»

የራዶቫን ማስታወሻ፦ «ሽማግሌው፣ አሥራ አንድ ሰከንድ፣ ድምፁ ይጥፋ፤
ከሥሩ ቫዮሊን፣ የሚያሳዝን፣ ቀስ እያለ ይስፋ።»
ቫዮሊኑ እኔ ጋ ነው። «ጺጋን ሁለት» ይባላል።
ባለፈው ክረምትም ተጠቅሜበታለሁ፤ እጄ ያውቀዋል።

እዚህ ቤት «ይህ ጥቁር ዓይን የጣሊያን ነው?» ሲሉኝ
«በእናቴ በኩል» አልኩ፤ አመኑኝ።
እናቴ ግን በር ዘግታ፣ መጋረጃ ስባ ነበር
ያንን ቋንቋ የሰጠችኝ፣ እንደ ሌባ ዕቃ፣ እንዳይነገር።

ሃያ ሰባተኛው ደቂቃ ላይ ማስታወሻው «አይሰማም» ይላል።
ይሰማል።
ሽማግሌው ደክሞት ወደ አፍ መፍቻው ተንሸራቷል።
ራዶቫንን ትቶ፣ ሌንሱን እያየ፣ ከሌንሱም ወዲያ፦
«ቆራጩ ሆይ፣ አንተ ሁን አንቺ አላውቅም።
እኔን ቁረጠኝ፤ ፊቴ አርጅቷል፣ አያምርም።
ፓኒ ብቻ፣ አደራ፣ ውሃውን አትቁረጥ፤
አንዴ ተቆርጧል፣ ሁለቴ አይቆረጥም።»

ፓኒ።
ሁለት ፊደል። እናቴ ከሞተች ወዲህ ያልሰማኋት።
ከጆሮ ማዳመጫው ወርዳ ጉሮሮዬ ላይ አገኘኋት።

ዘጠኝ ዓመት ቆርጫለሁ፤
ቆርጬ ግን አላውቅም።

ቫዮሊኑን አወጣሁ። ዝምታውን መለስኩ።
ጫማው ሲወልቅ፣ ትእዛዙም ሲሰማ፣ እንዳለ ተውኩ።
የሽማግሌውን ቃል ከሥር በነጭ ፊደል አሰፈርኩ፤
«ተርጓሚ» በሚለው ፊት ለፊት
በአንድ ፊደል ሳሳጥረው የኖርኩትን የአባቴን ስም
ዘርግቼ ጻፍኩት፦ ዣኔታ ባሎጎቫ።

ራዶቫን በሩ ላይ ቆሞ ብዙ አየኝ፤
ዘጠኝ ዓመት አጠገቡ ተቀምጬ፣ ገና ያን ምሽት ያገኘኝ።
ስልኩ እስከ እኩለ ሌሊት ጮኸ። ያልተባልነው የለም።
አንዲት ሴት ብቻ፣ ስሟንም አልነገረችኝም፣
«ያ መቶ ሰባ ሜትር» አለች፣ «እስካሁን አለ?»
«አለ» አልኳት።
ዝም አለች። መስመሩ ተቆረጠ፣
ወይ እሷ ዘጋችው፤ አላወቅኩም።