ልዩ ልዩ

ስብሰባው ለዘጠኝ ሰዓት፣ በባቡር ሠራተኞች ክበብ ተጠራ፤
ከሁላችን ቀድሞ ሙቀቱ ገብቶ፣ ወንበር ይዞ ጠበቀን በየተራ።
ቬንትሌተሩ እንደ ጡረተኛ ቀስ እያለ ይዞራል፤
አጀንዳው አንድ ነው፦ «የድሬ አዲሱ ሬዲዮ ምን ይናገራል?»

ከአዲስ አበባ የመጣው አማካሪ ላፕቶፑን ከፈተ፤
«ፎርማት» አለ፤ «ፎርማት ያስፈልጋል» እያለ ሰነበተ።
ዘፈን ሰባ በመቶ፣ ወሬ ሃያ፣ ማስታወቂያ አሥር፤
ክቡን በቀለም ከፍሎ አሳየን፣ እንደ ሐብሐብ ሲሸነተር።

ሽኩር፣ የታይዋኑ ጫማ ሻጭ፦ «ዘፈን ይበቃል፤
እግር ሲጨፍር ነው ኪስ የሚላላ፤ ይህን ነጋዴ ያውቃል።»
ከመልካ ጀብዱ የግመል ወተት በጀሪካን የምታመጣው
ኡባህ፣ «በማን አፍ ይናገራል?» ስትል፣ አዳራሹን ዝምታ ዋጠው።
ድሬ ላይ አንዱ ነገር በአማርኛ ተነሥቶ፣
በኦሮምኛ ይታረቃል፣ በሶማልኛ ተጫርቶ፤
ምራቂው በሀረሪኛ ነው።
አዛውንቱ ፍስሐጽዮን፣ የቀድሞ የባቡር ቴሌግራፍ ሠራተኛ፣
«በፈረንሳይኛስ?» አለ። ሳቅን። እሱ ብቻ አልሳቀም ከኛ።
ከኋላ ወንበር ወጣቶቹ፦ «ኳስ! ኳስ!»
ሊቀመንበሯ ጠረጴዛውን መታች።

እጄን አወጣሁ።

እኔ ሬዲዮ ጠጋኝ ነኝ፤ ሱቄ አሸዋ ነው፣ ከልብስ ሰፊው አጠገብ፤
ሠላሳ ዓመት የዚህን ከተማ ጆሮ ስፈታና ስገጥም የኖርሁ፣ በሰው ልብ
የማልገባ። ግን ሰው ሬዲዮውን ሲያመጣ መርፌውን አያነሣም፤
የት ላይ እንደተኛ አያለሁ፤ ለማንም ግን አላወራም።
የጫት ነጋዴዋ መርፌ ጂቡቲ ላይ ይገኛል፤
የኮስታራው ዳኛ ደግሞ ከዓረብ ዘፈን ላይ ይተኛል።
ጥናት ከፈለጋችሁ ጥናቱ እኔ ጋ ነበር፤
እጄን ያወጣሁት ግን ለዚህ አልነበረም።

ለአሸዋው ነው።
(እዚህ ላይ ቤት አልመታም፤ ይቅር በሉኝ።)
ደቻቱ አፉን በከፈተባት ሌሊት ማግሥት
አሥራ አንድ ሬዲዮ መጣልኝ፣ በፌስታል፣ በነጠላ፣ በእቅፍ።
ክዳናቸውን ስፈታ ሁሉም ውስጥ ያው አሸዋ፣ ገና እርጥብ።
የአንዱ መርፌ ከዘፈን ላይ ነበር፤ የሌላው ከዜና፤
የአንዷ፣ ባለቤቷ ልትወስደው ያልተመለሰችው፣ ከተረት ላይ።
እኛ እዚህ ሰማይ ጠርቶ ኮከብ ስንቆጥር
ደንገጎ ላይ ዘንቦ አድሯል።
ከአሥራ አንዱ አንዱም አልተናገረም።

«የኔ ፎርማት» አልኩ፣ «አንድ ያልተኛ ሰው ነው።
ደንገጎ ዘመድ ያለው፣ ስልኩ የተሞላ፣
ዘፈኑን መሐል ላይ ቆርጦ፣ በሚችለው አፍ ሁሉ
'ከወንዙ ውጡ፣ ልጆቹን አንሡ፣ ዕቃው ይቅር' የሚል።
የቀረውን ሰዓት እንደወደዳችሁ ሙሉት፤
ኳስም ይሁን። ፈረንሳይኛም ይሁን።»

ፍስሐጽዮን ጣቱን ጠረጴዛው ላይ አንኳኳ፣ አጭር፣ አጭር፣ ረጅም።
አማካሪው ክቡን ደጋግሞ አየ፤ ላልተኛ ሰው ቀለም አላገኘም።
ጸሐፊዋ ከቃለ ጉባኤው መጨረሻ፣
«ልዩ ልዩ» ከሚለው ሥር አስገባችኝ፣
ከሻይ አበልና ከወንበር ጥገና ቀጥዬ።

ማታ ሱቄን ሳልዘጋ፣ ለጣቢያው የተሰጠውን ቁጥር ፈለግሁ፤
ገና ባዶ ነው፤ ድምፁን ከፍ አድርጌ ጆሮዬን አስጠጋሁ።
ከማዶ ደቻቱ ደርቆ ተኝቷል፤ ሸራ ወጥሮ ሰው አድሮበታል፤
ባዶው ጣቢያ ግን ማልዶ እንደተቀጠረ፣ አንዲት ፊደል ይደጋግማል፦
ሽሽ… ሽሽ… ሽሽ…
ልብስ ሰፊው፦ «ዝም በል እያለህ ነው» ብሎ ሳቀ፤
እግሬ ግን ሳያስበው ጫማውን አጠለቀ።