የተርቧ ቤት

ሰኞ በማለዳ፣ ዝናቡ ሳያባራ፣
ቆራሌው ሜህ መጣ፣ እየሳለ፣ እየተጣራ፤
ከብስክሌቱ ኋላ የቀለህ ጆንያ፣
«ሦስት ኪሎ ከሩብ ነው፤ ሚዛንሽን አምጪያ!»

መዘንኩት።
ሁለት ኪሎ ከዘጠኝ መቶ ነው።
ሜህ ሳቀ። አንዲት ጥርሱ ወርቅ ናት፤
የሰፈሩ ወርቅ በሙሉ እሷው ናት።

ቀለሁን የለቀመው ከባታምባንግ ወዲያ፣ ከሩዝ ማሳ፣
ጎሽ ሲያርስ ከሚገለብጠው፣ ጎርፍ ከሚያነሣ፤
ማን ተኩሶት ማን እንደወደቀ አንጠይቀውም፤
ሠላሳ ዓመት አፈር ውስጥ ከርሞ
አፈር ያልበላው ነገር አፍ የለውም።

ፓሊ ወናፉን ትረግጣለች በደህናው እግሯ፤
ግራው ፕላስቲክ ነው።
«ይኼኛው ክረምት ሲገባ አይቆረጥመኝም» ትላለች፣
በሞረድ እጀታ እያንኳኳችው፣ ሲነሣባት ነገሯ።

እኔ ሰም እቀርጻለሁ፦
የጥፍር ያህል ቅጠል፣ የሩዝ ፍሬ የምታህል ዓሣ፤
ጭቃ አለብሳቸዋለሁ፤ እሳት ይገባሉ፤ ሰሙ ቀልጦ ሲነሣ
ባዶውን ቦታ ናስ ይጠጣዋል።
ሰሙ ሲሄድ ወርቁ ይቀራል ይባላል፤
ለኛ የቀረው ናስ ነው።
ናሱም ጉትቻ፣ ጉትቻውም የልጄ የማሊስ ደብተር፣
የቤት ኪራይ፣ የማታ ሩዝ፣
ለአበዳሪው ደግሞ አፉን የሚያዘጋ ጥቂት ነገር።

ስለ ራሴ ብዙ አልልም።
ከድንበር ማዶ የተመለስኩት በሌሊት ነው፣
በጭነት መኪና፣ ከሽንኩርት ጆንያ ሥር ተኝቼ፤
ሦስት ዓመት በሌላ ስም ተጠርቼ።
የገዛ ስሜን ሲጠሩት ቶሎ ዞር የማልለው
ለዚህ ነው።

ባለፈው ወር ከፕኖም ፔን ካርድ መጣ፣ ከየጉትቻው የሚታሰር፤
ማሊስ አነበበችልን፣ በጣቷ እየተከተለች መስመር በመስመር፦
«በተጋላጭ ሴቶች እጅ የተሠራ።»
ፓሊ ወናፉን አቆመች።
«ተጋላጭ? ለምኑ?»
«እንጃ አክስቴ።»
ቀና ብላ ጣሪያውን አየች፤ ቆርቆሮው ጠብ ጠብ ይላል።
«ለዝናብ ከሆነስ እውነታቸውን ነው!»
ካርዱን ግን አሰርነው።
ያለ ካርድ አይሸጥም ተብሏል።

ያን ሰኞ የሜህን ቀለህ ስለይ
አንዱ እንደሌሎቹ አልጮህ አለኝ።
አፉ በጭቃ ተደፍኗል፤
ለስላሳ ጭቃ፣ በምራቅ የተለወሰ፣ ባለሙያ የለሰነው፤
ጆሮዬን ባስጠጋ ውስጡ አንድ ነገር ይንኮሻኮሻል።
ተርብ ናት። ከኛ ቀድማ አግኝታው፣
ሰው የገደለውን ለልጇ ጓዳ አድርጋው
ዘግታበት ሄዳለች።

ጉጠቴን ሰድጄ ነበር፤ መለስኩት።
የክብደቱን ዋጋ ከኪሴ ከፈልኩት።
መስኮቱ ላይ፣ ውኃ በማይደርስበት በኩል አቆምኩት።
ማሊስ ከተረፈ ካርድ ቀዳ፣ ጽፋ አሰረችበት፦
«በተጋላጭ ተርብ የተሠራ።»
ፓሊ ሳቀች፤ እግሯን ፈትታ አጠገቧ አስቀምጣ
እንደገና ሳቀች።

ሐሙስ ጭቃው ተበስቶ ባዶውን አገኘሁት።
ስምንት ግራም ነው፤ አንዲት ቀጭን ቀለበት ይወጣዋል።
ሜህ መጥቶ አየውና «ምነው ይኼን ረሳሽው?» አለኝ።
አልረሳሁትም።
ሌላዋ ትመጣ ይሆናል፤
ኪራይ አልጠይቃትም።